ቧንቧው አየር ሲተፋ፦ እየተመላለሰ የሚመጣ አየር ከየት እንደሚገባ ማግኛ መመሪያ

ቧንቧ ትከፍታላችሁ። መጀመሪያ ፉሽ ይላል። ከዚያ ያስላል፣ ይተፋል፣ ትንሽ ውሃ ይሰጥና እንደገና ያስላል። ሻወር ላይ ደግሞ ሙቁና ቀዝቃዛው ይፈራረቃል፤ ሳሙና ተቀብቶ ቆሞ መጠበቅ ነው። ፒያሳም፣ አራት ኪሎም፣ ካዛንቺስም፣ ልደታም የሚኖር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ባለሙያ ሲጠራ የሚሰማው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «እማማ፣ መስመሩ አየር ይዟል።» ቧንቧዎቹን ይከፋፍታል፣ ፓምፑን ያጠፋል፣ ያበራል፣ አየሩ ይወጣል፣ ሂሳብ ይቀበላል። በሳምንቱ ያው ነው። ባለሙያው የተናገረው እውነት ነው፣ መስመሩ አየር ይዞ ነበር። ግን አየር ማስወጣት አንድ ሥራ ነው፤ አየሩ የሚገባበትን መፈለግ ሌላ ሥራ ነው። አንዴ መጥቶ የጠፋ አየር አያሳስብም። እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ ግን የሚገባበት ቦታ አለ። እሱ እስካልተዘጋ ድረስ ገንዘባችሁ መውጣቱን አያቆምም።

ይህን የምጽፈው ያንን ቦታ ራሳችሁ እንድታገኙት ነው። አብዛኛው ምርመራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ብርጭቆ፣ ባልዲ፣ የሳሙና አረፋ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

የውሃችሁን መንገድ ሳሉ

ከቆጣሪው ተነስታችሁ እስከ ሻወሩ ድረስ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ወረቀት ላይ ሳሉ። ማማር የለበትም። ከቆጣሪው ቀጥሎ መዝጊያ አለ? ውሃው በቀጥታ ቤት ይገባል ወይስ ሮቶ ይሞላል? ሮቶው መሬት ላይ ነው፣ ማማ ላይ ነው ወይስ ጣሪያ ላይ? ፓምፕ ካለ ከየት ስቦ ወዴት ይገፋል? ቦይለሩስ ውሃ የሚቀበለው ከየትኛው ቱቦ ነው?

የመሃል ከተማ ግቢዎች በአንድ ጊዜ የተሠሩ አይደሉም። አሮጌ የብረት ቱቦ አለ። በኋላ የተቀጠለ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቱቦ) አለ። ሰርቪስ ቤት ሲከራይ የተጨመረ፣ ከዚያ የተረሳ ቅጥያም ይገኛል። ስትስሉ የተረሳው ብቅ ይላል። አየር የሚገባውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ማንም በማያየው ቅጥያ ነው።

ሥዕሉ ላይ ውሃ የሚገፋበትንና ውሃ የሚሳብበትን ለይታችሁ አስምሩ። ይህ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ግፊት ባለበት ቱቦ ላይ ቀዳዳ ቢኖር ውሃ ይወጣል፤ ያንጠባጥባል፣ ግድግዳ ያረጥባል፣ ታዩታላችሁ። ውሃ በሚሳብበት ቱቦ ላይ ግን በዚያው ቀዳዳ አየር ይገባል። ጠብታ የለም። ቱቦው ደረቅ ነው። «ሁሉንም አየሁት፣ የሚያፈስ ነገር የለም» ተብሎ ችግሩ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ከፓምፕ በፊት ያለው ቱቦ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። የውሃ ፈረቃው ሲያልፍ ቁልቁል የሚራገፍ የመንገድ መስመርም እንዲሁ።

መቼ ነው የሚመጣው?

ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ ተከታተሉ። የትኛው ቧንቧ? ሙቁ፣ ቀዝቃዛው ወይስ ሁለቱም? ውሃ በመጣ ሰዓት ብቻ ወይስ ሁልጊዜ? ፓምፑ ሲሠራ ወይስ ሲያርፍ? መልሱ ግማሹን ምርመራ ይጨርስላችኋል።

ውሃው ነጭ ወተት መስሎ ከወረደ ደግሞ በብርጭቆ ቅዱና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ ጥቃቅን አረፋዎች ወደ ላይ እየወጡ ነው። ከላይ ወደ ታች እየጠራ ሥሩ ላይ ነገር ካስቀመጠ ደለል ነው። ደለል ከሆነ ችግራችሁ ሌላ ነው፣ ሮቶው መታጠብ አለበት።

ውሃ ከጠፋ በኋላ ሲመለስ ብቻ ከሆነ

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ቁልቁል የተዘረጋች ከተማ ናት። ፈረቃው አልፎ ግፊቱ ሲቆም በመንገዱ መስመር የቀረው ውሃ ዝቅ ወዳለው ሰፈር ይወርዳል። ከፍ ያለው ሰፈር ቱቦ ይራቆታል፣ በቦታውም አየር ይገባል። ውሃው ሲመለስ ያንን አየር እየገፋ ይመጣል። ይህ የቤታችሁ ብልሽት አይደለም። ግን ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል።

ውሃ መጥፋቱን ስታውቁ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ ዝጉ። ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ በትንሹ ክፈቱ፣ አየሩ በዝግታ ይውጣ፣ ከዚያ ጨምሩ። በኃይል የሚያልፍ አየር ቆጣሪንም ሊያዞር ስለሚችል በዝግታ መክፈቱ ለኪስም ይጠቅማል። ሌሊት የሚመጣ ከሆነና የሚነሳ ሰው ከሌለ መዝጊያውን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል ከፍታችሁ እደሩ።

የመጀመሪያውን ውሃ ግቢ ውስጥ ባለው ዝቅተኛ ቧንቧ በባልዲ ተቀበሉት። ዝገትና አፈር ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። ለግቢ ማጠቢያ ይሆናል፤ ቦይለር ውስጥ ግን አይግባ።

ከቆጣሪው በኋላ ባለው የእናንተ መስመር ላይ ቼክ ቫልቭ ከሌለ አስገጥሙ። ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው፣ መርካቶ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ አለው። መንገድ ላይ ግፊት ሲጠፋ የቤታችሁ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይይዘዋል። ቆጣሪውንና ማኅተሙን ግን አትንኩ።

ይህ ጉዳይ የጤናም ነው። የተራቆተ መስመር ያገኘውን ሁሉ ይስባል። የውሃ ጎማ ጫፉ ባልዲ ወይም ጀሪካን ውስጥ ተነክሮ ቧንቧው ተከፍቶ ከተተወ የባልዲው ውሃ ወደ መስመሩ ይሳባል። የልብስ ማጠቢያው ውሃ ነገ ከኩሽና ቧንቧ ይቀዳል ማለት ነው። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧዎቹን ዝጉ፣ ጎማውን ከባልዲ አውጡ። ልጆችንም ሠራተኛንም ይህን አስተምሩ።

ሙቁ ውሃ ላይ ብቻ ከሆነ

ቀዝቃዛ ውሃ በውስጡ የሟሟ አየር አለው። ሲሞቅ መያዝ አይችልምና ይለቀዋል። አምቦ ውሃ ሲከፈት ጋዙ እንደሚወጣው ነው፤ እዚያ የሚያስወጣው የግፊት መቀነስ ነው፣ እዚህ ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሙቁን ስትከፍቱ ትንሽ ፉሽ ቢል አትደንግጡ።

ብዙ አየር ከሆነ ግን ቦይለሩ ውሃ እየጎደለበት ሊሆን ይችላል። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የምትገጠም ትንሽ የደህንነት ቫልቭ አለች። ግፊት ሲበዛ ታስተነፍሳለች፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስም ትይዛለች። አንዳንድ ገጣሚ «ታንጠባጥባለች» ብሎ ያወጣታል። ያኔ መስመሩ ሲራቆት የቦይለሩ ውሃ ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ማሞቂያው ብረት ያለ ውሃ ይቀራል። ማብሪያው በርቶ ከሆነ ብረቱ ይቃጠላል። ቫልቯ ከሌለች ይህን ሳታስተካክሉ ሌላ ነገር አትጀምሩ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቦይለሩን ብሬከር አጥፉ። ከዚያ ሁሉንም የሙቅ ውሃ ቧንቧዎች ክፈቱ። ቀዝቃዛውን በዝግታ አስገቡ። ሙቁ ቧንቧ ሳያቋርጥ ወጥ ሆኖ መውረድ ሲጀምር ቦይለሩ ሞልቷል። መብራቱን የምትመልሱት ከዚያ በኋላ ነው። ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ይሁን። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቴርሞስታት ከተበላሸ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ይልቅ እዚህ ቶሎ እንፋሎት ይሆናል። ከሙቁ ቧንቧ እንፋሎት እየተፈናጠረ ከወጣ ብሬከሩን አጥፉ፣ ራቁ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።

ቤቱ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ተዘግቶ ከቆየ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ቦይለር ውስጥ ከዝገት የሚከላከል የማግኒዚየም ዘንግ አለ። ሙቅ ውሃ ሳይቀዳ ሲቆይ በዚያ የተነሳ ሃይድሮጅን ሊጠራቀም ይችላል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ የሚነድ ጋዝ ነው። መስኮት ከፍታችሁ፣ ሲጋራም ሻማም ሳይኖር፣ ሙቁን ቧንቧ ለጥቂት ደቂቃ አፍስሱ።

በጣሪያ ላይ የመስታወት ቱቦ ያለው የፀሐይ ማሞቂያ ከሆነ ያላችሁ፣ ባዶ ሆኖ ከዋለ እኩለ ቀን ላይ ውሃ አትልቀቁበት። የጋለ መስታወት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። ማልዳችሁ፣ ፀሐይ ሳያገኘው ሙሉት።

ሮቶ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ያለ ፓምፕ፣ ከማማ ወይም ከጣሪያ በራሱ ክብደት የሚወርድ ውሃ ግፊቱ ትንሽ ነው። ውሃው ከሻወሩ በ 10 ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ በ 3 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ 0.3 ባር ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ግፊት ቱቦ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ አየር እንኳ ውሃውን ልታቆም ትችላለች።

የመጀመሪያው ጥያቄ የውሃው መጠን ነው። ከመውጫው በላይ ያለው ውሃ ሲያንስ ውሃው እየተሽከረከረ አየር ይዞ ይወርዳል። ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከመውጫው በላይ ይኑር። ሮቶውን እስከ መጨረሻ ጠብታ መጠቀም መስመሩን በሙሉ በአየር ይሞላል፤ ሥሩ ላይ ያለውን ደለልም አብሮ ያወርዳል።

ሁለተኛ፣ ቱቦውን በዓይን ተከተሉት። ከሮቶው ወደ ቤቱ ሁልጊዜ እየወረደ ነው? በመሃል ወደ ላይ ወጥቶ የሚመለስበት ጉብታ ካለ አየሩ እዚያ ይቀመጣል። በረንዳ ላይ ለማለፍ፣ በር ለመዝለል፣ ቆርቆሮ ላይ ለመደገፍ ሲባል የተሠራ ጉብታ በየቤቱ አለ። መፍትሔው ቱቦውን ማቃናት ነው፤ በአንድ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ይበቃል። ማቃናት ካልተቻለ ጉብታው ጫፍ ላይ የአየር ማስወጫ ቫልቭ ይገጠማል።

ሦስተኛው መተንፈሻ ነው። ከሮቶው መውጫ መዝጊያ ቀጥሎ በቲ (ሦስት አፍ ባለው መጋጠሚያ) ተቀጥሎ ቀጥ ብሎ የሚቆም ግማሽ ኢንች ቱቦ ነው። ጫፉ ክፍት ይሆናል፣ ሮቶው ሞልቶ ከሚፈስበት ደረጃም በላይ ይሄዳል፤ ካነሰ ውሃው በእሱ ይፈሳል። ጫፉን ወደ ታች አጥፉትና በወንፊት ሸፍኑት፣ ነፍሳት እንዳይገቡ። ይህ ቀላል ቱቦ ብዙ ቤት ላይ ጠፍቷል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። እኔ ቢሆን መጀመሪያ የማሠራው እሱን ነው።

ሁለት ሮቶ ያላችሁ ደግሞ ይህን ተመልከቱ። ሁለቱ በተለያየ ከፍታ ተቀምጠው አንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ከፍ ያለው ቀድሞ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ግማሽ ድረስ ውሃ እያለው በባዶው በኩል አየር ይገባል። ሰዎች ወደ ሞላው ሮቶ እያዩ «ውሃ እያለ ለምን ያስላል?» ይላሉ። ሁለቱን እኩል ወለል ላይ አስቀምጡና ከሥራቸው አገናኙ፤ እኩል ይሞላሉ፣ እኩል ይጎድላሉ። እስኪስተካከል ድረስ ባዶ የሆነውን መውጫውን ዝጉት።

ጣሪያ ላይ ስትወጡ ክረምት ከሆነ ቆርቆሮው ይንሸራተታል። ብቻችሁን አትውጡ።

ፓምፕ ካለ

እየተመላለሰ የሚመጣ አየር አብዛኛው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ምልክቶቹ፦ ፓምፑ ሲሠራ ድምፁ ይለዋወጣል። የግፊት መለኪያው መርፌ ይንቀጠቀጣል። ኦቶማቲኩ (ፓምፑን እንደ ግፊቱ የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ዕቃ) ቶሎ አያጠፋም፣ ሞተሩ ሲሠራ ይውላል። ቧንቧዎች ሁሉ ይተፋሉ፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም። ጠዋት ፓምፑ ውሃ ጠፍቶበት በላዩ መሙላት ያስፈልጋል።

አንድ የቦታችንን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ፓምፕ ውሃ የሚስበው በራሱ ኃይል ብቻ አይደለም። እሱ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ያ ክብደት ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ያነሳል። መሃል አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ቀላል ስለሆነ የሚያነሳበት ከፍተኛው ልክ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» የሚል ፓምፕ እኛ ጋ ከ 5 ሜትር ተኩል በላይ አይጠበቅበትም። የቱቦው ፍትጊያና መታጠፊያው ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። መሬት ውስጥ በጥልቅ የተቀበረ ታንከር (የውሃ ማጠራቀሚያ) ላይ የተቀመጠ ጥሩ ፓምፕ ያለ ምንም ቀዳዳ አየር እያወጣ ሲያስቸግር ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ሲወርድ በውሃው ውስጥ የሟሟው አየር ይለቀቃልና።

አሁን ምርመራው። እጃችሁ ፓምፑ አካባቢ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ብሬከሩን አጥፉ።

አንደኛ፣ የባልዲ ምርመራ። የግቢ ቧንቧ ላይ ጎማ ግጠሙ። ጫፉን ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ንከሩት፣ ፓምፑ ይሥራ። መጀመሪያ አረፋ ይኖራል። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ካቆመ የቆየ አየር ነበር፣ ወጣ። አረፋው ካላቆመ በዚህች ደቂቃ አየር እየገባ ነው። ስትጨርሱ ጎማውን ከባልዲ ማውጣት እንዳትረሱ።

ሁለተኛ፣ የመሙያዋ ቡሽ። ፓምፑን አጥፉ፣ ላዩ ላይ ያለችውን መሙያ ፍቱና እስከ አፏ ውሃ ሙሉት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ውሃው ካልወረደ የመሳቢያው መስመር፣ ማለትም ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለው ቱቦ፣ ደህና ነው። እየወረደ ከሄደ ወይ ታንከሩ ሥር፣ በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ፉት ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው) አይዘጋም፣ ወይ መጋጠሚያ ላይ ክፍተት አለ። ፉት ቫልቩን አውጡና እዩት። ጠጠር፣ ክር ወይም የሮቶ ፍርፋሪ ምላሱ ላይ ተሰክቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። እጠቡት፣ በባልዲ ውሃ ፈትሹት። ላስቲኩ ከደረቀ ለውጡት። ይህ ምርመራ የሚሠራው ታንከሩ ከፓምፑ በታች ሲሆን ነው፤ ታንከሩ ከፓምፑ ከፍ ካለ ውሃው ራሱ ስለሚመጣ ምንም አይነግራችሁም።

ሦስተኛ፣ ሳሙና። ፓምፑ እየሠራ በመሳቢያው መጋጠሚያ ሁሉ ላይ ወፍራም የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ወደ ውስጥ የሚሳብበት ወይም ጉድጓድ የሚሠራበት ቦታ ነው የምትፈልጉት። ቦታው ከታየ፣ ወይም ስትቀቡ የፓምፑ ድምፅ ድንገት ከተስተካከለ አገኛችሁት። ዩኒየን (ሁለት ቱቦ የሚያያይዘው ተፈቺ መጋጠሚያ) ላይ፣ በመሙያዋ ቡሽ የጎማ ቀለበት ላይ፣ ብረት ከፒፒአር በሚገናኝበት ክር ላይ በተለይ ቆዩ። ከብረት ጋር የተጠበቀ የፒፒአር ክር በኃይል ሲጠበቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ፀጉር ያህል ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይታይም። ሞተሩና ሽቦው አጠገብ ሳሙናና ውሃ አታፍስሱ።

አራተኛ፣ ካልተገኘ ከፓምፑ በፊት ያለውን አጭር ቁራጭ አውጡና በወፍራም፣ ውስጡ በሚያሳይ ጎማ ተኩት። ስስ ጎማ አይሆንም፣ ሲሳብ ይጣበቃል። ፓምፑ ሲሠራ አረፋ በጎማው ውስጥ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ካለ ቀዳዳው ከጎማው ወደ ታንከሩ በኩል ነው። ጎማው ጥርት ካለና ቧንቧው ግን ከተፋ ችግሩ ከጎማው በኋላ ነው፤ የፓምፑ የራሱ ማኅተም (በዘንጉ ዙሪያ ውሃና አየር የሚያግደው) ወይም ቡሿ ሊሆን ይችላል።

መጠገን ሲመጣ፣ ያለቀ ቴፍሎን (ክር ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ቴፕ) ላይ ቴፍሎን አትጨምሩ። አሮጌውን አጽዱ፣ ክሩን በብሩሽ ጥረጉ፣ አዲሱን ክሩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሙ። በተቃራኒው የተጠመጠመ ሲጠብቅ ይፈታል። የዩኒየን ላስቲክ ሁሌም አዲስ ይሁን። የመሳቢያው ቱቦ ከፓምፑ አፍ መቅጠን የለበትም፤ የፓምፑ አፍ አንድ ኢንች ሆኖ ቱቦው ሦስት ሩብ ከሆነ ፓምፑ ሁልጊዜ ይታነቃል። ቱቦውም ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይሂድ።

ታንከሩ ውስጥም ተመልከቱ። ከመንገድ የሚገባው ውሃ በመሳቢያው አፍ ላይ እየዘነበ ከሆነ የሚፈጥረውን አረፋ ፓምፑ ይስበዋል። መግቢያውን ወደ ሌላኛው ጫፍ አዙሩት። ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያም አስገቡ፤ ያለ ውሃ የሚሠራ ፓምፕ ማኅተሙ ይቃጠላል፣ ከዚያ በራሱ አየር መሳብ ይጀምራል።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሰው አየሩ ሲያስቸግረው አውቶማቲክ የአየር ማስወጫ ቫልቭ ገዝቶ ከፓምፑ በፊት ያስገጥማል። ይህ ነገሩን ያባብሳል። ቫልቩ አየር የሚያስወጣው በውስጥ ግፊት ሲኖር ነው፤ በሚሳብ ቱቦ ላይ ሲሆን ያው ቫልቭ አየር ያስገባል። ቦታው ከፓምፑ በኋላ፣ ከፍ ያለው ነጥብ ላይ ነው።

ቦታ ካላችሁ ከሁሉ የሚሻለው ፓምፑን ከሮቶው ሥር ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ያኔ ውሃው ራሱ ወደ ፓምፑ ይወርዳል። ፓምፑ ሲያርፍ ክፍተት ያለው መጋጠሚያ ያንጠባጥባል፣ ታዩታላችሁ፣ ትጠግናላችሁ። ፉት ቫልቭም አያስፈልግም። የመንገዱን መስመር በቀጥታ በፓምፕ መሳብ ግን አይገባም፤ የጎረቤትን ውሃ ይወስዳል፣ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል የአፈሩን ቆሻሻም ይስባል። መጀመሪያ ታንከር ይሙላ፣ ፓምፑ ከታንከሩ ይሳብ።

ፓምፑ ላይ ክብ የግፊት በርሜል ካለስ? ውስጡ የጎማ ከረጢት አለ፣ ከጎማው ውጭ አየር ተሞልቷል። ከኋላው የመኪና ጎማ የሚመስል የንፋስ አፍ አላት። ፒኗን ጫን በሉ፤ ውሃ ከወጣ ከረጢቱ ተቀዷል፣ ይቀየር። ንፋስ ብቻ ከሆነ ብሬከሩን አጥፉ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን ጨርሱ፣ ከዚያ በጎሚስታ መለኪያ ለኩት። ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ 0.2 ባር ማነስ አለበት። ብዙ ኦቶማቲኮች ከፋብሪካ ሲወጡ በ 1.4 ባር ያስነሳሉ፣ በ 2.8 ያጠፋሉ፤ ስለዚህ በርሜሉ 1.2 ባር ይሆናል።

ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ከላይኛው ፎቅ

የላይኛው ፎቅ ነዋሪ አየሩን ቀድሞ ያገኘዋል፣ ውሃውን ግን መጨረሻ። ግፊቱ ደከም ባለ ሰዓት ታች ያሉት ሁሉ ሲከፍቱ ዋናው ቱቦ ወደ ታች ይሳባል። የእናንተ ቧንቧ ተከፍቶ ከሆነ አየር በእሱ ይገባል። ቀላል ፍተሻ አለ፦ ቧንቧውን ክፈቱና ስስ ወረቀት አፉ ላይ አስጠጉ። ወረቀቱ ከተለጠፈ እየሳበ ነው። የቤታችሁ መግቢያ ላይ ቼክ ቫልቭ አስገጥሙ። የሻወሩን ጭንቅላት ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ትታችሁ አትሂዱ። ዋናው ቱቦ ጫፍ ላይ የአየር ማስወጫ አለመኖሩን ግን ብቻችሁን አትፈቱትም፤ ለኮሚቴው ንገሩ፣ ወጪውን ፎቁ ሁሉ ይጋራው። ጥቅሙ የሁሉም ነው።

በመጨረሻ አየሩን አውጡ

መግቢያው ከተዘጋ በኋላ ነው ይህ የሚደረገው። የቧንቧዎቹን የአረፋ ማጣሪያ ወንፊቶች ፍቱ፣ የሻወሩንም ጭንቅላት። ለመግቢያው ከቀረበው ዝቅተኛ ቧንቧ ጀምሩ፣ በትንሹ ክፈቱ፣ ወጥ ሆኖ ሲወርድ ዝጉ። ወደሚቀጥለው፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ፎቅ። ከፍተኛው የመጨረሻ ይሁን፣ የቀረው አየር እዚያ ነውና። ሙቁን ከቀዝቃዛው በኋላ። ሽንት ቤቱንም ሁለቴ ልቀቁት። ወንፊቶቹን አጥባችሁ መልሱ።

ከዚያ ሁለት ፈረቃ ተከታተሉ። በሁለቱም ውሃ ሲመለስ ብቻ ትንሽ አስሎ ከተስተካከለ የመንገዱ አየር ነው። ሙቁ ብቻ ከተፋ ወደ ቦይለሩ ተመለሱ። ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ከተፋ መሳቢያው ላይ ሁለተኛ ክፍተት አለ ማለት ነው፤ ባለሙያ ስትጠሩ «አየር አውጣልኝ» አትበሉት፣ «ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለውን መጋጠሚያ ሁሉ ፈትተህ እንደገና ግጠምልኝ» በሉት፤ ሲሠራም አብራችሁ ቁሙ፣ የባልዲውን ምርመራ ሳያሳያችሁ ሂሳብ አትዝጉ።